መኪናው ምጣድ ይችላል ወይ?

ሱቄ አዲስ አበባ፣ ሜክሲኮ፣ ከኮሜርስ ጀርባ ናት። ብሬከር፣ ገመድና ሶኬት እሸጣለሁ፤ ሲጠሩኝም ቤት ድረስ ሄጄ መስመር እዘረጋለሁ። ድሮ የምጠራው ቆጣሪ ሲቃጠል ወይም ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤት ሲጨመር ነበር። ጥር 2016 ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ግን ስልኬ የሚጮኸው በአብዛኛው ለመኪና ቻርጀር ነው። መስመሩን ጨርሼ ዕቃዬን ስሰበስብ አንድ ጥያቄ አይቀርም፦ መብራት ሲጠፋ መኪናው ቤቱን ያበራል የሚባለው እውነት ነው ወይ?

እውነት ነው። ወሬው ግን ከእውነቱ ቀድሞ ሄዷል። ከዋቢ ሸበሌ ሆቴል ጀርባ ባለ አንድ አሮጌ ግቢ ውስጥ ልጃቸው ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ የገዛላቸው እናት አሉ። ልጁ መኪናው ማቀዝቀዣውን፣ ቴሌቪዥኑን፣ ዋይፋዩን እንደሚያሠራ ሲዘረዝር ዝም ብለው ሰሙና ወደኔ ዞሩ።

“ልጄ፣ ይሄ መኪና ምጣድ ይችላል?”

“አይችልም እማማ።”

“እንግዲያው ያን ሁሉ ብር ያወጣችሁት ለአምፖል ነዋ!”

ልጁ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እኚህ እናት የጠየቁት ሻጮቹ በማስታወቂያቸው የማይነግሩንን ነው። ከመኪናው የቻርጅ ማድረጊያ ቀዳዳ በአዳፕተር የሚወጣው ኃይል ልክ አለው። የዩዋን ፕላስ 3.3 ኪሎዋት ነው፤ የሃዩንዳይ አዮኒክ 5 ደግሞ 3.6። የእንጀራ ምጣድ ግን እንደ አሠራሩ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ይጎትታል። ምጣዱን ስትሰኩት ቀይ መብራቱ ይበራል፣ መሞቅ ይጀምራል፣ ከዚያ መኪናው ራሱን ለማዳን ያቋርጣል። ሊጡ ተቦክቶ፣ አብሲቱ ተጥሎ፣ መኪናው በሚሊዮን የሚቆጠር ብር ወጥቶበት እንጀራው አልተጋገረም ማለት ነው። እንዲህ ያለ አዳፕተር የሌላቸው ኤሌክትሪክ መኪናዎችም በከተማችን ሞልተዋል። መግዛት ያሰበ ሰው ስለ ቆዳ ወንበሩ ከመጠየቁ በፊት ኃይል ወደ ውጭ ይሰጣል ወይ፣ ስንት ኪሎዋት ይሰጣል ብሎ ቢጠይቅ ይጠቅመዋል።

ከምጣድና ከምድጃ በቀር ያለው ጉዳይ ሌላ ነው። የዩዋን ፕላስ ትልቁ ባትሪ 60 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል። እኔ በምገባባቸው ቤቶች ማቀዝቀዣው፣ አምፖሎቹ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ዋይፋዩ፣ የስልኩ ቻርጀርና የውኃ ዲናሞው አንድ ላይ ተደምረው በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበላሉ። ባትሪው ሲሶው ለመንገድ ይቀመጥ ብንል እንኳ ሳምንት የሚያሻግር ኃይል ግቢ ውስጥ ቆሟል። በዚህ ከተማ መብራት ጠፍቶ የሚቆየው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለአዲስ አበባ ሰው ዋናው ዲናሞው ይመስለኛል። የውጭ አገር ቪዲዮዎች ላይ መኪናው የቡና ማፍያና የጓሮ መብራት ሲያሠራ ያሳያሉ። እኛ ጋ ውኃ በፈረቃ ይመጣል፤ ሲመጣም ጉልበቱ ፎቅ ላይ ወዳለው ሮቶ አይደርስም፤ ዲናሞ ካልገፋው መሬት ላይ ይቀራል። ውኃ በመጣበት ሌሊት መብራት ከጠፋ ሳምንቱን ሙሉ በጀሪካን መኖር ነው። ወደ ቄራ በሚወስደው መንገድ ያለ አንድ ደንበኛዬ በእንዲህ ያለ ሌሊት ደውሎልኝ ሄድኩ። ዲናሞው አንድ የፈረስ ጉልበት ነው፤ ሥራ ላይ ሲሆን 1 ኪሎዋት አካባቢ ይወስዳል፣ ሲነሳ ግን ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ ይስባል። ደንበኛዬ ማቀዝቀዣውን፣ የውኃ ማሞቂያውንና ዲናሞውን በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶ ነበርና ዲናሞው ሊነሳ ባለ ቁጥር መኪናው ጸጥ ይላል። ማሞቂያውን ነቀልኩት፣ ማቀዝቀዣውንም ለጊዜው አጠፋሁት፣ ዲናሞውን ብቻውን በወፍራም ገመድ አስነሳሁት። ጉርምርምታው ተሰማ፤ ትንሽ ቆይቶ ጣሪያው ላይ ውኃው የሮቶውን ግድግዳ ሲመታ ሰማን። ማቀዝቀዣውን መልሰን ሰካነው፣ መኪናውም ሁለቱንም ቻለ። ሳይነጋ የጎረቤት ጀሪካን በሩ ላይ ተደርድሮ ነበር።

ጄኔሬተር ይህን አይሠራም ወይ ለሚለኝ፦ ይሠራል፣ ቤንዚን ካለው። ማደያ በጀሪካን መቅዳት ከተከለከለ፣ የቤንዚን ዋጋም በሊትር ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ብዙ ጄኔሬተር ሸራ ለብሶ ተቀምጧል። ጭሱና ጩኸቱ ደግሞ አለ። መስኮት ስር ጄኔሬተር አስነስቶ መተኛት የሰው ሕይወት እንደሚያጠፋም ሁላችንም እናውቃለን።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው። ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ግዙ ያለን መንግሥት፣ መኪናው ቤት የሚያበራበትን ደንብ ደግሞ ጽፎ ይስጠን። ስለ ቻርጅ ማድረጊያ ጣቢያዎች ብዙ ይነገራል። ከመኪናው ወደ ቤቱ ስለሚሄደው ኃይል ግን ከደንበኞቼ በቀር የሚያወራ አላጋጠመኝም። ነገሩ ትንሽ የሚመስለው ካለ አብረን እናስላ። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በአገሪቱ ያሉት ኤሌክትሪክ መኪናዎች ከ100 ሺህ እንደሚበልጡ ተናግሯል። አዳፕተሩ በሁሉም ላይ ቢኖርና 100 ሺህ መኪና እያንዳንዱ 3 ኪሎዋት ቢሰጥ 300 ሜጋዋት ነው። የተከዜ ግድብ ማመንጨት የሚችለው ያንኑ ያህል ነው። ሩቡ ብቻ አዳፕተር ቢኖረው እንኳ ትንሽ አይደለም።

ላጋንን ግን አልፈልግም። የእነዚህ ሁሉ መኪናዎች ባትሪ በአማካይ 40 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል ብንል፣ ድምሩ የሕዳሴ ግድብ በሙሉ አቅሙ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሚያመነጨው ያንሳል። መኪና ግድብን አይተካም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋዋት አለው፤ ጉባ ላይ ኃይል ሞልቷል። መብራቱ የሚጠፋው ግን ጉባ ላይ ሳይሆን እኛ ሰፈር ነው፤ ያረጀ የእንጨት ምሰሶ ሲወድቅ፣ ትራንስፎርመር ከአቅሙ በላይ ሲጫን፣ ቁፋሮ ኬብል ሲነካ። ግድቡ ቢሞላም ባይሞላም የመንደሩ ትራንስፎርመር ከተቃጠለ ጨለማ ነው። መኪናው ጥቅሙ ከዚያ ትራንስፎርመር ወዲህ፣ ከቆጣሪው ወዲህ፣ እግራችን ስር መቆሙ ነው።

አሁን ፀሐይዋን እናምጣት፤ ነገሩም የሚወሳሰበው እዚህ ላይ ነው። ደንበኞቼ ጣሪያቸው ላይ ሶላር ሰቅለው መኪናቸውን በነፃ ሊሞሉ ያስባሉ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ፀሐይ ስትወጣ መኪናው የት ነው? ጠዋት ከለቡ፣ ከጀሞ፣ ከአያት ተነስቶ ወደ ሥራ ሄዷል። ሲመለስ ፀሐይ ጠልቃለች። ጣሪያው ቀን ሙሉ ያመረተውን የሚቀበል የለም፤ መኪናውም ማታ ከመስመር ይሞላል። ይህን ስነግራቸው አንዳንዶቹ ሶላርን የምጠላ ይመስላቸዋል። ሶላር እኔም እሸጣለሁ፤ ብዙ ባሰቅላቸው ደስታዬ ነበር።

መኪናዎቹ ቀን የት እንዳሉ ማየት ለሚፈልግ ረፋድ ላይ ሜክሲኮ ይምጣ። ከፌዴራል ፖሊስ እስከ ንግድ ምክር ቤት፣ ከዋቢ ሸበሌ እስከ ቡና ቦርድ የቆመው መኪና ብዛት እግረኛ አያሳልፍም። እነዚህ መኪናዎች ጠዋት ገብተው እስከ ማታ ፀሐይ ላይ ይንቃቃሉ። የመሥሪያ ቤቶቹ ግቢ ውስጥ ላሜራ ጥላ የተሠራላቸውም አሉ። ያ ላሜራ ሶላር ቢሆንስ? የአንድ ባለ 550 ዋት ሶላር ስፋት ከሁለት ተኩል ካሬ ሜትር ብዙም አይበልጥም፤ አንድ መኪና በቆመበት ቦታ ላይ አራቱን መደርደር ይቻላል። በበጋ ወራት አንድ ኪሎዋት ሶላር አዲስ አበባ ላይ በቀን ከ4 እስከ 5 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። አራቱ ሶላሮች ቀን ሙሉ 9 ኪሎዋት ሰዓት ያህል መኪናው ውስጥ ያስገባሉ ማለት ነው። ሠራተኛው በቀን 30 ኪሎ ሜትር ቢነዳ የሚያጠፋው 5 ነው። የቀረው 4 ማታ ቤቱ ድረስ አብሮት ይሄዳል፤ ለአምፖሉ፣ ለማቀዝቀዣው፣ ለዲናሞው። የሜክሲኮ ፀሐይ ጀሞ ላይ ታበራለች። ባንኮች፣ መድን ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ለሠራተኛ ሰርቪስ አውቶቡስ ያቀርባሉ፤ የመኪና ማቆሚያ ሶላርም ያው ዓይነት ጥቅማ ጥቅም ሊሆን ይችላል።

ፀሐይዋን በተመለከተ ይህች ከተማ ታድላለች። ሶላር ሲግል ምርቱ ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ለምድር ወገብም ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፤ ጣሪያው ወደ ደቡብ ቢያዘነብል ወደ ሰሜን፣ ልዩነቱ እንደ አውሮፓ አያስጨንቅም። ሐምሌና ነሐሴ ግን ሰማዩ ይዘጋል፣ ምርቱም ይወርዳል። እዚህ ላይ አንድ የሚገርም መገጣጠም አለ። ክረምት ሶላሩ ሲደክም ግድቦቻችን ይሞላሉ፤ በጋ አልፎ ግንቦት ላይ ግድቦቹ ሲጎድሉ ፀሐይዋ ጠንካራ ናት። ግንቦት 2011 ላይ በግልገል ጊቤ ሦስት ውኃ ቀንሶ መብራት በፈረቃ ሲታደል የነበረውን ማን ይረሳዋል? በዚያ ወር ጣሪያው ላይ ሶላር፣ ውስጡ ባትሪ ያለው ቤት ፈረቃውን ሳያውቀው ያልፍ ነበር።

ወደ ምጣዱ ልመለስ፤ እማማን ያለ መልስ አልተውኳቸውም። መኪናው ብቻውን ምጣድ አይችልም። አንድ 5 ኪሎዋት ሰዓት የምትይዝ ትንሽ የቤት ባትሪና ከ5 ኪሎዋት በላይ የምትሰጥ ኢንቨርተር መሐል ከገባች ግን ነገሩ ይለወጣል። ለጄኔሬተር ተብሎ የተዘጋጀ ቀዳዳ ያላቸው ኢንቨርተሮች ገበያ ላይ አሉ። የመኪናውን ገመድ እዚያ ቀዳዳ ላይ እናስገባለን፤ ኢንቨርተሩ ከመኪናው ልኩን ጠብቆ፣ 2 ኪሎዋት ብቻ እየወሰደ፣ ትንሿን ባትሪ ይሞላል። ምጣዱ የሚጎትተውን ባትሪዋ ትሰጣለች፣ መኪናው ከኋላ ይሞላላታል። ዲናሞው ሲነሳ የሚስበውን ድንገተኛ ጉልበትም የምትችለው ኢንቨርተሯ ናት። ሶላሩም የሚገባው እዚሁ ነው፤ ቀን ቀን መኪናው በሌለበት ትንሿን ባትሪ ይሞላል፣ ማቀዝቀዣውን ያቆያል። ትልልቅ የቤት ባትሪ መግዛት የማያስፈልገው ለዚህ ነው። ትልቁ ባትሪ ጎማ አለው፤ ማታ ማታ ቤት ይገባል።

ዋጋው አይቀመስም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ ይመንዘር ከተባለ ወዲህ ኢንቨርተር የሚያስመጡ ሰዎች የሚነግሩኝ ዋጋ ያስደነግጠኛል። መስከረም 2017 የጀመረው የኤሌክትሪክ ታሪፍ ማሻሻያ ግን በየሦስት ወሩ እየተጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ ነው። ብዙ ለሚፈጅ ቤት ሶላሩ ዕዳውን የሚመልስበት ጊዜ እያጠረ ነው የሚሄደው። ለሁሉም ሰው ግዙ አልልም። መብራት በማይጠፋበት ሰፈር ለሚኖር አዳፕተሩና አንድ ጥሩ ኤክስቴንሽን ከበቂ በላይ ናቸው፤ ለአምፖልና ለማቀዝቀዣ የቤቱን መስመር መንካት ራሱ አያስፈልግም።

የሚያስፈራኝ የቤቱን መስመር መንካቱ ነው። አንድ ቤት ሶኬት ልቀይር ገብቼ፣ ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ የተንጠለጠለ ገመድ አየሁ። ሁለቱም ጫፉ ወንድ ነው። ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ፤ በጄኔሬተር ዘመን የተለመደ ነበር፣ አሁን ለመኪና እየዋለ ነው። አንዱን ጫፍ መኪናው አዳፕተር ላይ፣ ሌላውን ግድግዳው ሶኬት ላይ ይሰኩታል፤ ቤቱ በሙሉ በአንድ ጊዜ ይበራል። ግድግዳው ላይ ያልተሰካው ጫፍ እርቃኑን ኤሌክትሪክ ይዞ ይንጠለጠላል፤ ሕፃን ቢነካውስ? ፒንሳዬን አውጥቼ መሐሉን ቆረጥኩት። ባለቤቱ ተቆጣ። ሂሳብ ላይ የገመዱን ዋጋ ቀነስኩለት።

ዋናውን ብሬከር ማውረድ ከተረሳ ደግሞ ኃይሉ ቤት ውስጥ አይቀርም። በቆጣሪው በኩል ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ትራንስፎርመር ይሄዳል፤ ትራንስፎርመር ሁለቱንም አቅጣጫ ያውቃልና 220 የነበረውን ቮልት በላይኛው መስመር ላይ ወደ 15 ሺህ ያወጣዋል። መኪናው የሰፈሩን ጭነት ስለማይችል ወዲያው ያቋርጣል ብሎ የሚከራከረኝ አለ። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነው። መስመሩ እዚያው አቅራቢያ ተበጥሶ ከሆነ ግን ጭነት የለውም፣ አያቋርጥም። ያን ጊዜ ምሰሶ ላይ የወጣው ሠራተኛ መስመሩ ሙት ነው ብሎ እጁን ይዘረጋል። መብራቱ ድንገት ከመጣም ሁለት የማይተዋወቁ ኃይሎች ይጋጫሉ፤ መጀመሪያ የሚቃጠለው የመኪናው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ቼንጅ ኦቨር የሚባል መቀየሪያ ነው። ወይ መስመሩን ወይ መኪናውን ያገናኛል እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ ማገናኘት አይችልም፤ ብረቱ ራሱ አይፈቅድም። ከመኪናው ዋጋ ጋር ሲወዳደር የዕቃው ዋጋ ምንም ነው።

ታዲያ ሥራው የማን ነው? የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን በኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 መሠረት የኤሌክትሪክ ባለሙያዎችን የብቃት ማረጋገጫ ይሰጣል። ይኸው መሥሪያ ቤት መኪናን ከቤት ስለማገናኘት አጭር ደንብ ያውጣ፤ ገመዱ ስንት ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ቼንጅ ኦቨሩ ከቆጣሪው በየት በኩል ይቀመጥ፣ ኧርዙ እንዴት ይታሰር። የኧርዙ ጉዳይ በተለይ ባለሙያን ሁሉ ያከራክራል፤ የመኪናው ኃይል ከመሬት ጋር ስላልታሰረ ሰው ሲይዘው ሊያቋርጥ የሚገባው ብሬከር ዝም ሊል ይችላል። እኔ በራሴ መንገድ አስራለሁ፣ መርካቶ ያለው ባልደረባዬ በራሱ መንገድ ያስራል፤ ከሁለታችን ማን ልክ እንደሆነ በጽሑፍ የሚፈርድ ያስፈልጋል። መኪና አስመጪዎችም አዳፕተሩን ከመኪናው ጋር ሲሰጡ የሁለት ገጽ የአማርኛ ማስጠንቀቂያ ያያይዙበት። አሁን አብሮ የሚመጣው መጽሐፍ በአብዛኛው ቻይንኛ ነው።

ጃፓኖች መኪናን ከቤት ማገናኘትን የተማሩት በመከራ ነው። መጋቢት 2003 ለእኛ የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ የተጣለበት ወር ነው። በዚያው ወር መጀመሪያ ላይ ጃፓን በመሬት መንቀጥቀጥና በሱናሚ ተመታች፣ የፉኩሺማ የኒውክሌር ጣቢያ ተበላሸ፣ ከተሞች በጨለማ ተዋጡ። በቀጣዩ ዓመት ኒሳን ሊፍ የተባለውን መኪና ከቤት መስመር ጋር የሚያገናኝ፣ እስከ 6 ኪሎዋት የሚሰጥ መሣሪያ ለገበያ ቀረበ። መሣሪያው ሲሸጥ በባለሙያ ይተከላል እንጂ ማንም ከሱቅ ገዝቶ አይሰካውም። አሜሪካኖቹም ዘግይተው መጥተዋል፤ የፎርዱ ኤሌክትሪክ ፒካፕ፣ ኤፍ-150 ላይትኒንግ፣ ለቤት 9.6 ኪሎዋት ይሰጣል። ሁለት ምጣድ በአንድ ጊዜ! እማማ ቢሰሙ ፒካፕ ይገዛልኝ ማለታቸው አይቀርም።

ባትሪውን አይጎዳውም ወይ የሚል ስጋት አለ። በወር አንዳንድ ጊዜ ለጥቂት ሰዓት 1 ወይም 2 ኪሎዋት መስጠት ለባትሪው ከአቃቂ ሜክሲኮ ደርሶ መልስ ያነሰ ሥራ ነው። በየቀኑ ባዶ እስኪቀር የሚያሟጥጥ ሰው ግን ዕድሜውን ያሳጥረዋል። መኪናው ስንት ሲቀረው መስጠት እንደሚያቆም ስክሪኑ ላይ መወሰን ይቻላል፤ እኔ ለደንበኞቼ ከ30 በመቶ በታች እንዳይወርድ አድርጌ እሄዳለሁ። ሌሊት ድንገት ሆስፒታል መሄድ አለ።

ከዚህ የሚከብደው የኮንዶሚኒየም ጥያቄ ነው። እስካሁን የተናገርኩት ግቢ ላለው ሰው ነው፤ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ውስጥ ደግሞ ግቢ ያለው ሰው እያነሰ ሄዷል። ሰንጋ ተራ 40/60 ውስጥ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ የሚኖር ሰው መኪናውን ታች አቁሞ ገመድ በመስኮት ሊጎትት አይችልም፤ ሞክረው ያየኋቸው አሉ፣ አትሞክሩ። ጣሪያውም የጋራ ነው። የኮሚቴ ስብሰባ ላይ አስረዳ ተብዬ ተጋብዤ አውቃለሁ። አንዱ ሶላሩ ጣሪያውን ያፈስሰዋል አለ፤ ሌላው መኪና የሌለው ሰው ለምን ያዋጣል አለ፤ አንዲት እህት ደግሞ ሊፍት ውስጥ ከልጇ ጋር ተዘግታባት የቆየችበትን ሌሊት ተናገረች፤ ከዚያ ወዲያ ሰዉ ጸጥ አለ። የእኔ ሐሳብ በቤት በቤት መጀመሩን መተው ነው። የጋራውን እናብራ፤ የደረጃውን መብራት፣ የውኃ መግፊያውን፣ የጥበቃውን ቤት። ሊፍቱን ለማስኬድ የአንድ መኪና 3 ኪሎዋት አይበቃም፤ ሰው ተዘግቶ እንዳይቀር ቅርብ ፎቅ ላይ አድርሶ በሩን የሚከፍት ትንሽ ባትሪ ለሊፍት ለብቻው ይሸጣል። ለቀረው የጋራ ጣሪያ ላይ የጋራ ሶላር፣ ታች ላይ አንድ ቼንጅ ኦቨር ያለው ሶኬት፤ መብራት በጠፋ ሌሊት ባለ መኪና ነዋሪ በተራ ይሰካል፣ የሰጠው ኪሎዋት ሰዓት በትንሽ ቆጣሪ ተለክቶ ከወር መዋጮው ይቀነስለታል። መኪና የሌለውም ውኃ ያገኛል። ይህን ለማድረግ የሚያስፈልገው የነዋሪዎች ማኅበር ውሳኔና አንድ ቅን ሒሳብ ያዥ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይከብዳል።

አዲስ ስለሚሠሩት ሕንጻዎችም አንድ ቃል ልጨምር። ካዛንቺስ በ2017 ሲፈርስ በየቤቱ የዘረጋሁት ገመድ አብሮ ሄደ፤ ደንበኞቼም ገላን ጉራና ሌላ ሌላ ቦታ ተበተኑ። አሁን እዚያ መንገዱ ሰፍቷል፣ ሽቦው መሬት ገብቷል፣ ሕንጻዎች እየተነሱ ነው። የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ፦ ከመኪና ማቆሚያው እስከ ዋናው ቦርድ ድረስ ባዶ ቱቦ፣ ቦርዱ ላይም ለቼንጅ ኦቨር የሚሆን ቦታ። ገመዱን የሚፈልግ በኋላ ያስገባል። እኔ የቻርጀር መስመር በምዘረጋበት ግቢ ሁሉ ሁለተኛ ቱቦ አብሬ እቀብራለሁ፤ ከሲሚንቶው በፊት ለጠራኝ የማስከፍለው የቱቦውን ዋጋ ብቻ ነው። ከሲሚንቶው በኋላ የሚጠራኝ የመስበሪያውንም ይከፍላል።